ወደ ዊንዶውስ 11 ከተሻገርኩ ሦስተኛ ቀኔ ነው፤ ልመለስ ወይስ ልታገሥ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ መምህር ነው። ትንሽ አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጤና ይስጥልኝ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። ላፕቶፔ ስላሽ ነው የገዛሁት፤ ኮር አይ5፣ 8ኛ ጀነሬሽን፣ 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሃርድ ዲስክ። ዊንዶውስ 10 ጊዜው አልፎበታል ሲሉኝ አንድ ጓደኛዬ በፍላሽ አምጥቶ ኢንተርኔት ሳያስፈልገው ወደ ዊንዶውስ 11 አሳደገልኝ። ፋይሎቼ አልጠፉም። ግን ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፣ ኮምፒውተሩ ኤሊ ሆኗል። ማራገቢያው ያለማቋረጥ ይጮኻል። ከስልኬ ሆትስፖት ያገናኘሁት ዕለት በአንድ ምሽት የወር ፓኬጄን ጨረሰው። በአማርኛ ያዘጋጀሁት ፈተና ፊደሉ ተለውጦ 2 ገጽ የነበረው 3 ገጽ ሆነ። ራይት ክሊክ ሳደርግ ደግሞ ኮፒና ፔስት የሚል አጣሁ። ወደ 10 ልመለስ ወይስ እየዋለ እያደር ይሻለዋል?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። አጭሩን መልስ ላስቀድም፦ ዛሬ አይመለሱ። ግን ቀን ይቁጠሩ። ዊንዶውስ 11 ወደ ቀድሞው ለመመለስ የሚሰጠው ጊዜ 10 ቀን ነው፤ ሦስቱ አልቀዋል። በቀሩት ቀናት የሚያልፈውን ከማያልፈው መለየት ነው ሥራችን። ፓኬጁ፣ ፊደሉና ራይት ክሊኩ ዛሬ ማታ ይስተካከላሉ። ማራገቢያው በራሱ ጊዜ ይረጋጋል። ቀርፋፋነቱ ግን ግማሹ ያልፋል፣ ግማሹ አብሮዎት ይኖራል። ዋናው ጉዳይ እሱ ነው።

ከፓኬጁ ልጀምር፤ እሱ አሁንም እየፈሰሰ ነውና።

ፍላሹ ላይ ያለው ዊንዶውስ የተዘጋጀበት ቀን ላይ የቆመ ነው። ጓደኛዎ ከስድስት ወር በፊት አውርዶት ከሆነ የስድስት ወር ዕዳ ይዞ ነው የገባው። ኢንተርኔት ባገኘ በመጀመሪያው ደቂቃ ያንን ዕዳ መክፈል ይጀምራል። የወሩን አፕዴት ያወርዳል፤ ድራይቨር፣ ማለትም የላፕቶፑን ዕቃዎች ከዊንዶውስ ጋር የሚያግባባውን ፕሮግራም፣ ይፈልጋል፤ የቫይረስ መከላከያውን ዝርዝር ያድሳል፤ ከስቶር የመጡትን አፖች አንድ በአንድ ያሳድሳል። ይህ ሁሉ ከጀርባ ነው፤ እርስዎ የሚያዩት ባዶ ዴስክቶፕ ብቻ ነው። ዊንዶውስ ደግሞ ስልክዎ ሆትስፖት መሆኑን ብዙውን ጊዜ በራሱ አይገምትም። ለእሱ ዋይፋይ ዋይፋይ ነው። የአንድ ትልቅ ድርጅት ያልተገደበ መስመር ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል።

ስለዚህ ይንገሩት። ሴቲንግስ ይክፈቱ፤ የዊንዶውስ ቁልፍን ተጭነው «አይ» ፊደልን ቢነኩ ይከፈታል። ኔትወርክ ወደሚለው ይግቡ፣ የስልክዎን ሆትስፖት ይምረጡ፣ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ሚተርድ ኮኔክሽን» የሚለውን ያብሩ። ትርጉሙ «ይህ መስመር በሒሳብ ነው» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ አብዛኛውን አፕዴት ሳይጠይቅ አያወርድም። አንድ ነገር ልብ ይበሉ፦ ይህ ለእያንዳንዱ ዋይፋይ ለየብቻ ነው የሚበራው። የባለቤትዎን ስልክ ሆትስፖት ሲጠቀሙ እንደገና ማብራት አለብዎት። ስንቱ ሰው አንዴ አብርቼዋለሁ ብሎ በሌላ ስልክ ተበልቷል!

ሁለት ተጨማሪ ቀዳዳዎች አሉ። አንደኛው ዊንዶውስ አፕዴት ውስጥ፣ አድቫንስድ ኦፕሽንስ ሥር «ዴሊቨሪ ኦፕቲማይዜሽን» የሚባለው ነው። እርስዎ ያወረዱትን አፕዴት ለሌሎች ኮምፒውተሮች ማካፈል ይችላል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም፤ አሥር ኮምፒውተር ባለበት ቢሮ ጥሩ ነው። በሞባይል ፓኬጅ ግን የእርስዎ አይደለም፤ ያጥፉት። ሁለተኛው ዋንድራይቭ ነው። ከታች በስተቀኝ፣ ሰዓቱ አጠገብ የደመና ምልክት ካዩ ይንኩት። ዴስክቶፕዎንና ዶክመንቶችዎን ወደ ኢንተርኔት እየጫነ ሊሆን ይችላል። በነፃ የሚሰጠው ቦታ 5 ጊጋ ነው፤ የፎቶ ክምችት ያለው ሰው ገና ሳይጀምር ይሞላዋል። «ፖዝ» ይበሉት፣ በኋላ በርጋታ ይወስኑ።

አፕዴቱን ጨርሶ አይተዉት ግን። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ወይም ዘመድ ቤት ያልተገደበ ዋይፋይ ሲያገኙ ላፕቶፑን ቻርጀር ላይ ሰክተው ሁሉንም ያውርድ። ያኔ ያሉብዎት ትንንሽ እንከኖች ግማሾቹ አብረው ይጠፋሉ፤ በተለይ የድራይቨር ጉዳይ የሆኑት።

አሁን ወደ ኤሊው እንምጣ።

«ኮንትሮል»፣ «ሺፍት» እና «ኤስኬፕ» የሚሉትን ሦስት ቁልፎች አንድ ላይ ይጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ሲፒዩ፣ ሜሞሪ፣ ዲስክ የሚሉ ዓምዶች አሉ። «ዲስክ» የሚለውን ጫፍ በማውዝ ይንኩ፤ ዲስኩን በብዛት የያዘው ፕሮግራም ከላይ ይመጣል። አሁን እጅዎን አንሥተው ሁለት ደቂቃ ዝም ብለው ይመልከቱ። ዲስኩ 100 ፐርሰንት ላይ ተሰቅሎ የቆመ ከሆነ ከላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ ያንብቡ።

ሦስት ስሞች ያገኛሉ ብዬ እገምታለሁ። «ሰርች ኢንዴክሰር» አንዱ ነው። ዊንዶውስ ፋይል ሲፈልጉ ቶሎ እንዲያገኝልዎ የራሱ ማውጫ አለው። ሲስተሙ ሲቀየር ማውጫውን እንደ አዲስ ያዘጋጃል። የአሥር ዓመት የፈተና ወረቀት ካለዎት እያንዳንዱን ከፍቶ ያነበዋል። ሁለተኛው «አንቲማልዌር ሰርቪስ» የሚለው ነው፤ ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የቫይረስ መከላከያ። እሱም አዲስ ቤት እንደገባ ዘበኛ ክፍል ለክፍል ይዞራል። ሦስተኛው «ሰርቪስ ሆስት» በሚል ስም የሚመጣ የአፕዴት ሥራ ነው።

ማራገቢያው የሚጮኸውም በእነሱ ነው። ፕሮሰሰሩ ሲሠራ ይሞቃል፣ ሲሞቅ ማራገቢያው ይፈጥናል። ባለፉት ሦስት ቀናት ለእርስዎ ሳይሆን ለራሱ ሲሠራ ነው የከረመው። እርስዎ ደግሞ፣ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው፣ ሲቀርፍብዎ ተናደው ክዳኑን ዘግተውታል። እሱም ሥራውን እዚያው አቋርጦ ይተኛል። በነጋታው ሲከፍቱት ካቆመበት ይቀጥላል፤ አሁንም ቀርፋፋ ነው። እንዲህ ከሆነ ሦስት ቀን አይደለም፣ ሦስት ሳምንትም አይበቃውም።

ስለዚህ አንድ ሌሊት ይስጡት። ቻርጀር ይሰኩ፤ ባትሪ ላይ ሲሆን ኢንዴክሰሩ ሥራውን ይቀንሳል። ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ፓወር ይግቡና ቻርጀር ላይ እያለ እንዳይተኛ «ኔቨር» ያድርጉት። ክዳኑን ክፍት ይተዉት፣ አልጋ ወይም ሶፋ ላይ ሳይሆን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጡት። ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ጠዋት ሪስታርት ያድርጉት፤ «ሪስታርት» እንጂ «ሻት ዳውን» አይደለም። ዊንዶውስ ሻት ዳውን ሲባል ቶሎ ለመነሣት ሲል የሥራውን ከፊል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ነው የሚጠፋው፤ ከባዶ የሚነሣው በሪስታርት ነው። ሌሊት መብራት ቢሄድ አይጨነቁ። ማሳደጉ እየተካሄደ ቢሆን ኖሮ ያስጨንቅ ነበር፤ እሱ ግን አልፏል።

ማራገቢያው ከዚያም በኋላ ከጮኸ የዊንዶውስ ጉዳይ ላይሆን ይችላል። ስላሽ ላፕቶፕ ውስጡ ምን እንዳለ ከፍቶ ያየ ያውቃል። ከማራገቢያው ጀርባ ያለው ወንፊት ላይ አቧራው እንደ ብርድ ልብስ ተነጥፎ አገኛለሁ። ይጠረግ፣ ፕሮሰሰሩ ላይ ያለው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት (ፓስታ የሚሉት) ይታደስ። አዲሱ ሲስተም አቧራውን አላመጣም፤ ሥራ አብዝቶ ገለጠው እንጂ።

እስካሁን ያልኩት የሚያልፈውን ነው። የማያልፈው አንድ ቃል ነው፤ እርስዎ ራስዎ ጽፈውታል፦ ሃርድ ዲስክ።

እዚያው ታስክ ማናጀር ውስጥ «ፐርፎርማንስ» የሚለውን ይክፈቱ። በስተግራ ዲስክ 0 ከሚለው ሥር ዓይነቱ ተጽፏል፤ «ኤችዲዲ» (የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ) ወይም «ኤስኤስዲ» (ፈጣኑ ዓይነት)። የእርስዎ 1 ቴራ ኤችዲዲ እንደሚል ከወዲሁ እነግርዎታለሁ። ላፕቶፕ ውስጥ የሚገባው ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር የሚሽከረከር ነው። ያ በሰከንድ 90 ዙር ይሆናል። ለአንድ ዙር 11 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። የሚፈልጉት መረጃ ዲስኩን ከምታነበው መርፌ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር ይጠብቃሉ፤ መርፌዋ ራሷ ከቦታ ቦታ እስክትሄድ ደግሞ ሌላ ጊዜ አለ። ሲደመር በሰከንድ ከመቶ የማይበልጥ ቦታ ብትጎበኝ ነው። አንድ ትልቅ ፊልም ስትገለብጥ ይህ አይታይም፤ መረጃው ተከታትሎ ስለተቀመጠ መርፌዋ አትዘልም። ዊንዶውስ ሲነሣ ግን ከሺህ ቦታ ሺህ ትንንሽ ፋይል ነው የሚለቅመው። ዎርድ ይከፈታል፣ ኢንዴክሰሩ ያነባል፣ ዘበኛው ይፈትሻል፤ ሁሉም በአንዲት መርፌ ተሰልፈው። ኤስኤስዲ የሚሽከረከር ነገር የለውም። በሰከንድ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ቦታ ያነባል።

ዊንዶውስ 11ን ለመጫን በወጣው ዝቅተኛ መስፈርት ላይ ኤስኤስዲ አልተጠየቀም። 64 ጊጋ ቦታ፣ 4 ጊጋ ራም፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ፣ ሰኪዩር ቡት የሚባለውን የአነሣስ ጥበቃ የሚችል ባዮስ (ላፕቶፑ ሲበራ መጀመሪያ የሚነሣው ፕሮግራም)፣ በኢንቴል በኩል ባመዛኙ ከ8ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያለ ፕሮሰሰር ነው የሚለው። የእርስዎ ሁሉንም ያልፋል። ስለዚህ ማሳደጉ ስሕተት አልነበረም። ግን መስፈርት ማለፍና ተመችቶ መሥራት ለየቅል ናቸው። እውነቱን ለመናገር ዊንዶውስ 10ም በሃርድ ዲስክ ላይ ምቾት አልነበረውም። ለምደውት ነበር እንጂ።

በቅርቡ አንድ ላፕቶፕ መጣልኝ፤ ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል፣ ራሙም 8። ባለቤቱ «ዊንዶውስ 11 ገደለው፣ ወደ 10 መልስልኝ» ብሎ ነው ያመጣው። አብርቼው ሻይ አዘዝኩ። ሻዩ መጣ፣ ጠጣሁት፣ ስኳሩ ብርጭቆው ሥር ቀረ፤ ዴስክቶፑ ላይ ያሉት ምልክቶች ገና አንድ በአንድ ይወጣሉ። ጆሮዬን ጠጋ ሳደርግ ከሥር ቅርጭ፣ ቅርጭ፣ ቅርጭ ይላል። ምንም አልመለስኩለትም። ያንኑ ዊንዶውስ 11 እንዳለ ወደ ኤስኤስዲ ገልብጬ ዲስኩን ቀየርኩ። ባለቤቱ ሲያበራው ሁለተኛ ሻይ ላዝዝ እጄን አነሣሁ። አስተናጋጇ ዞር ሳትል ፓስወርድ ጠየቀው። ሰውየው ፕሮሰሰሩን የቀየርኩበት መስሎት ነበር።

እና የእኔ ምክር፣ ኪስዎ ሲፈቅድ ኤስኤስዲ ያስገቡ። 256 ጊጋ ለሲስተሙና ለሥራ ፋይል ይበቃል፤ 512 ቢሆን ዕረፍት ነው። አሮጌው 1 ቴራ አይጣልም። ማቀፊያ ተገዝቶለት በዩኤስቢ የሚሰካ ማስቀመጫ ይሆናል። ሲገዙ ላፕቶፑን ይዘው ይሂዱ፤ የአንዳንዱ ላፕቶፕ ቦታ ለ2.5 ኢንች ሳጥን ነው፣ አንዳንዱ ከዚያ በተጨማሪ ኤም ዶት 2 የምትባለውን ቀጭን ቦርድ ይቀበላል። ሁሉም ኤም ዶት 2 ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ባለሙያው «ፎርማት አድርጌ አዲስ ልጫን» ካለዎት «ገልብጥልኝ» ይበሉት። ፕሮግራምዎም ፎንትዎም እንዳለ ይሻገራል። ፈቃዱም አይጠፋም፤ የዊንዶውስ ፈቃድ በዋናነት የሚታሰረው ከማዘርቦርዱ ጋር ነው።

የፈቃድ ነገር ከተነሣ አይቀር፣ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ አክቲቬሽን ይግቡና ይዩት። ዊንዶውስ 10ዎ ትክክለኛ ከነበረ 11ም በነፃ ትክክለኛ ሆኖ ይቀጥላል። ጓደኛዎ «ለማንኛውም» ብሎ ክራክ (ያለ ፈቃድ እንዲሠራ የሚያታልል ፕሮግራም) ጨምሮበት ከሆነ ግን ያስወጡት። ዘበኛውን አጥፍቶ ካልሆነ የማይገባ ነገር ከቤት ባይኖር ይሻላል።

ፊደሉን በተመለከተ፣ ይህ የእኛ ሰው ብቻ የሚያገኘው ችግር ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

ፈተናዎን ይክፈቱና አንዱን የአማርኛ ቃል ይምረጡ። ከላይ የፎንቱ ስም የሚጻፍበት ሳጥን ምን ይላል? «ኒያላ» ይላል ብዬ እወራረዳለሁ። ፊደሉን ሲያዩት ግን ኒያላ አይደለም፤ ወፈር፣ ሰፋ ያለ ነው። ዎርድ ፋይሉ የጠየቀውን ስም ይጽፋል፤ ፎንቱን ካጣው ግን ሌላ ተክቶ ያሳያል። የተካው «ኢብሪማ» የሚባለውን ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኒያላ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው የመጣው። ስሙም ከደጋ አጋዘን የተወሰደ ነው። ለዓመታት ዊንዶውስ ላይ አማርኛ ማለት ኒያላ ማለት ነበር፤ ስንቱ ማመልከቻ፣ ስንቱ የመመረቂያ ጽሑፍ፣ ስንቱ ፈተና በእሱ ተጻፈ! ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ኢብሪማም የኢትዮጵያን ፊደል ያዘ። ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ኒያላ ከዋናው ዕቃ ወጥቶ ተጨማሪ ተደረገ፦ አማርኛን እንደ ቋንቋ ለጨመረ ሰው ከኢንተርኔት የሚመጣ። እርስዎ ኢንተርኔት በሌለበት በፍላሽ ስላሳደጉ አሮጌው ቤት የነበረው ኒያላ ሳይጫን ቀረ። ኢብሪማ ደግሞ ከኒያላ ሰፋ ይላል። የምርጫ ጥያቄው «ሀ» እና «ለ» አንድ መስመር ላይ የነበሩት «ለ» ወደ ታች ወረደ፤ አርባ ጥያቄ ላይ እንዲህ ሲደማመር አንድ ገጽ ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ስታርት ላይ «ኦፕሽናል ፊቸርስ» ብለው ይፈልጉ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ማለቴ ነው። ፊቸር መጨመሪያውን ይንኩ፣ መፈለጊያው ላይ «ኢትዮፒክ» ብለው ይጻፉ። «ኢትዮፒክ ሰፕልመንታል ፎንትስ» የሚል ይመጣል፤ ይጫኑት። ትንሽ ነገር ነው፣ ሚተርድ አድርገው ባሰሩት ሆትስፖት እንኳ አይጎዳዎትም። ካስቸገረ ለዚህች ለአፍታ ሚተርዱን ያጥፉት፣ ከዚያ ይመልሱት። ዎርድን ዘግተው ሲከፍቱ ፈተናው 2 ገጽ ይሆናል።

ፈተናው ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ላይ የሚታተም ከሆነ ደግሞ ከእርስዎ ቤት ሲወጣ ፒዲኤፍ አድርገው ያውጡት። እዚያ ኒያላ ይኑር አይኑር አያሳስብዎትም። ወይም ዎርድ ውስጥ ፋይል፣ ኦፕሽንስ፣ ሴቭ ከሚለው ሥር ፎንቱን ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲያስቀምጥ የሚያዝ ምርጫ አለ።

ሌላም ነገር አለ፤ የእርስዎ ባይሆንም የሚያነብ ሌላ ሰው ይጠቅመው ይሆናል። የድሮ ፋይል ሲከፈት በፊደል ፈንታ የእንግሊዝኛ ፊደልና ምልክት የተዝረከረከ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደላት ሰንጠረዥ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት፣ የአማርኛ መጻፊያዎች ቅርጻችንን በእንግሊዝኛ ፊደል ቦታ ላይ እየሳሉ ነበር የሚሠሩት። ፎንቱ ከሌለ የሚቀረው ከሥር ያለው እንግሊዝኛ ነው። ፋይሉ አልተበላሸም፤ አይሰርዙት። ያንን ፎንት መልሶ መጫን፣ ጊዜ ሲገኝ ደግሞ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ኮምፒውተሩን ፎርማት ያስደረገ ሰው ነው በብዛት ይህ የሚያጋጥመው።

ራይት ክሊኩ አጭር ነው። ኮፒና ፔስት አልጠፉም፤ በምናሌው ጫፍ፣ ከላይ ወይም ከታች፣ ትንንሽ ሥዕል ሆነው ተሰልፈዋል። መቀስዋ መቁረጫ፣ ሁለቱ ተደራራቢ ወረቀቶች ኮፒ ናቸው። አሮጌውን ረጅም ምናሌ ከፈለጉ «ሺፍት»ን ተጭነው ራይት ክሊክ ያድርጉ። ስታርቱ መሀል መግባቱም ካናደደዎት ታስክባሩ ላይ ራይት ክሊክ፣ ታስክባር ሴቲንግስ፣ አላይንመንት፣ ሌፍት። እኔም የመጀመሪያው ቀን ያደረግሁት ይህን ነው፤ ሃያ ዓመት ወደ ግራ ጥግ የሄደ እጅ አይታዘዝም።

አሁን ስለ መመለሱ። የማይቀር ከሆነ ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ሪከቨሪ ውስጥ «ጎ ባክ» የሚል አለ። የሚሠራው ሲ ድራይቭ ላይ «ዊንዶውስ ዶት ኦልድ» የሚባለው ፎልደር እስካለ ነው። አሮጌው ቤትዎ እሱ ውስጥ ነው። ብዙ ጊጋ ስለሚይዝ «ቦታ ላስለቅቅ» ብሎ የሚያጠፋው ሰው አለ፤ እርስዎ ሳይወስኑ አይንኩት። ከ10 ቀን በኋላ ዊንዶውስ ራሱ ይጠርገዋል። ጊዜው ካጠረዎት ባለሙያ በአንድ ትእዛዝ እስከ 60 ቀን ሊያራዝመው ይችላል፣ አሥሩ ቀን ሳያልፍ ከሆነ። ሲመለሱ ከማሳደጉ በኋላ የጫኗቸው ፕሮግራሞች ይጠፋሉ። ፋይልዎ ይቀራል ይባላል፤ እርስዎ ግን ፍላሽ ላይ ሳይገለብጡ ቁልፉን አይንኩ።

እኔ የምመለሰው በአንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ ለእንጀራዬ የግድ የሚያስፈልገኝ ፕሮግራም ወይም ፕሪንተር ዊንዶውስ 11 ላይ እምቢ ካለና አዲስ ድራይቨር ከሌለው። ለቀርፋፋነት አልመለስም። ምክንያቱም የሚመለሱበት ዊንዶውስ 10 ድጋፉ በኦክቶበር 14፣ 2025፣ ማለትም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ማይክሮሶፍት ለግለሰቦች የደኅንነት አፕዴቱን አንድ ዓመት የሚያራዝም ፕሮግራም አውጥቷል፤ በማይክሮሶፍት አካውንት ገብቶ የሴቲንግ ባክአፑን ለሚያበራ ያለ ክፍያ። እሱም ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ላይ የሚቆም ነው። ማለትም ተመልሰው የሚያርፉበት ቤት የኪራይ ውሉ እያለቀ ያለ ቤት ነው። ድጋፍ አበቃ ማለት ኮምፒውተሩ አይነሣም ማለት አይደለም፤ አዲስ የተገኘ ቀዳዳ የሚደፍን የለም ማለት ነው። የተማሪ ውጤት የያዘ፣ ከሰው ሁሉ ፍላሽ የሚቀበል የመምህር ላፕቶፕ ላይ ይህ ቀላል አይደለም።

ከጓደኞችዎ አንዱ «ፎርማት አድርገህ ከዜሮ ብትጭነው ይፈጥናል» ይልዎታል፤ ሁልጊዜ አንድ አለ። ሃርድ ዲስኩ እስካልተቀየረ ልዩነቱ ለሁለት ሳምንት ነው። ደግሞም አዲሶቹ የዊንዶውስ 11 እትሞች ከዜሮ ተጭነው በማይክሮሶፍት አካውንት ሲገባባቸው ዲስኩን በራሳቸው ሊቆልፉት ይችላሉ። ቁልፉ 48 አሃዝ ነው፤ አካውንቱ ውስጥ ይቀመጣል። ጫኚው በራሱ ኢሜይል ገብቶ ከሆነ የእርስዎ ዲስክ ቁልፍ በሰውየው ኪስ ውስጥ ነው ያለው። አንድ ቀን ማዘርቦርዱ ቢቀየር ወይም ባዮሱ ቢነካካ ላፕቶፑ 48ቱን አሃዝ ይጠይቃል፣ የጫነው ልጅ ደግሞ ስልኩን ቀይሯል። በማሳደግ የመጣው የእርስዎ ሲስተም ይህን በራሱ አያበራም፤ ፎርማት ያስደረገ ግን ዛሬውኑ ይፈትሽ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ሚተርዱንና ኒያላውን ይጨርሱ። ከዚያ ቻርጀር ሰክተው ይተኙ። ጠዋት ሪስታርት አድርገው፣ ምንም ሳይከፍቱ አሥር ደቂቃ ይጠብቁና ታስክ ማናጀርን ይመልከቱ። ሦስት ነገር ይጻፉልኝ፦ ዲስኩ ስንት ፐርሰንት ላይ እንደቆመ፣ ከላይ ያለው ስም ማን እንደሆነ፣ ፐርፎርማንስ ውስጥ የዲስኩ «አቨሬጅ ሪስፖንስ ታይም» ስንት ሚሊ ሰከንድ እንደሚል። ፕሪንተሩንም አንድ ገጽ አሳትመው ይሞክሩት፤ ስለሱ ምንም አልነገሩኝም፣ ፈተናው ደግሞ መታተሙ አይቀርም።